ብላይንድ ፌዝ (1969)፦ አንድ አልበም፣ ስድስት ዘፈን። ዘፈን በዘፈን እንነጋገርበት

የሸክላ_ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ብላይንድ ፌዝ (ኤሪክ ክላፕተን ጊታር፣ ስቲቭ ዊንዉድ ድምፅና ኦርጋን፣ ጂንጀር ቤከር ድራም፣ ሪክ ግሬች ባስ) በተነሳ ቁጥር የሚባለው «አራት ገናናዎች ተሰበሰቡ፣ ተጣሉ፣ ተበተኑ» ነው። ይህ አባባል ለእነሱም ለአልበሙም አይገባም። ባንዱን የገደለው ጠብ ሳይሆን የዘፈን ቁጥር ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አልበሙ ላይ ስድስት ዘፈን አለ። አንደኛው ገጽ፦ «ሃድ ቱ ክራይ ቱዴይ» 8፡48፣ «ካንት ፋይንድ ማይ ዌይ ሆም» 3፡16፣ «ዌል ኦል ራይት» 4፡27፣ «ፕረዘንስ ኦፍ ዘ ሎርድ» 4፡50። ሁለተኛው ገጽ፦ «ሲ ኦፍ ጆይ» 5፡22 እና «ዱ ዋት ዩ ላይክ» 15፡20። ሲደመር 42 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 15 ደቂቃው በየተራ ሶሎ የሚወጣበት አንድ ዘፈን ነው። «ዌል ኦል ራይት» ደግሞ የራሳቸው ሳይሆን የበዲ ሆሊ የ1958 ዘፈን ነው። በእጃቸው የነበረው የራሳቸው የተቀናበረ ሥራ እንግዲህ አራት ዘፈን ብቻ መሆኑ ነው። ይህን ይዘው ነው ጁላይ 12 ቀን ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የገቡት። አልበሙ የወጣው ኦገስት ላይ ነው፤ በጁላይ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ዘፈኖቹን ገና በሸክላ አልሰማቸውም። ሰው የሚጮኸው ለሚያውቀው ነውና የክላፕተንና የቤከር የቀድሞ ባንድ የሆነውን የክሪምን ዘፈን ጠየቀ፤ እነሱም ሰጡት። እንደ እኔ የባንዱ ነገር ያኔ አበቃ።

ስለ ቀረጻው፣ ስለ አጨዋወቱ፣ ስለ ሸክላው ጠለቅ ያለ እውቀት ያላችሁ ጨምሩበት።

ሰላማዊት_ዘ

በዋናው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ወደኋላ ሄደን አመጣጣቸውን ካላየን ቁጥሩ ለምን እንዳነሰ አይገባንም።

ክሪም የስንብት ኮንሰርቱን ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ያቀረበው ኖቬምበር 26 ቀን 1968 ነው። ስቲቭ ዊንዉድ የነበረበት ትራፊክ የሚባለው ባንድም በዚያው ሰሞን ተበተነ። ክላፕተንና ዊንዉድ አስቶን ቲሮልድ በሚባል መንደር፣ በዊንዉድ ቤት እየተገናኙ ያለ ምንም ውል ይጫወቱ ጀመር። ክላፕተን ያን ጊዜ ልቡ የነበረው «ዘ ባንድ» የሚባለው ቡድን የ1968 አልበም ላይ ነው፤ ረጅም ሶሎ ሰልችቶታል፣ ዘፈን የሚቀድምበት ቡድን ይፈልጋል። ከዚያ ጂንጀር ቤከር መጣ። ክላፕተን ያመነታው በቤከር ችሎታ አልነበረም። ክሪም ከፈረሰ ገና ጥቂት ወራቱ ነው፤ ከሦስቱ የክሪም አባላት ሁለቱ ተመልሰው ከተገናኙ ዓለም ሁለተኛ ክሪም አድርጎ እንደሚያያቸው ያውቃል። ዊንዉድ ግን ቤከርን ፈለገው። ባሲስቱን ሪክ ግሬችን ደግሞ ከፋሚሊ ባንድ ወሰዱት፤ ፋሚሊ አሜሪካ ጉብኝት ላይ እያለ ነው ጥሎ የወጣው፣ በቦታው ጆን ዋይደር ገባ።

ቀረጻው ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን 1969 ለንደን ውስጥ በሞርጋንና በኦሊምፒክ ስቱዲዮዎች ተካሄደ። መጨረሻ ላይ መስመር ያስያዘው ፕሮዲዩሰሩ ጂሚ ሚለር ነው። ሚለር ከትራፊክም ከሮሊንግ ስቶንስም ጋር የሠራ ሰው ነበር። የእሱን እጅ ለማወቅ አልበሙን በ2001 ከወጣው ባለ ሁለት ዲስክ እትም ጋር አነጻጽሩት። ሁለተኛው ዲስክ ረጃጅም ጃም (ያለ ዝግጅት እየፈጠሩ አብሮ መጫወት) ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ያለ መሪ ሲቀሩ ምን ያህል ሰዓት ሊጫወቱ እንደሚችሉ እዚያ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ የ42 ደቂቃ አልበም ማውጣት ቀላል ሥራ አልነበረም።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ ለጥያቄዬ፤ «ፕረዘንስ ኦፍ ዘ ሎርድ»ን የሚዘፍነው ክላፕተን ነው አይደል? ደግሞ ሃይድ ፓርክ የተጫወቱት ከአልበሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ሰላማዊት_ዘ

ዘፋኙ ዊንዉድ ነው። ግጥሙም ዜማውም ግን የክላፕተን ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር ሳይጋራ ብቻውን የጻፈው የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ድምፁን አልተማመነበትምና ለዊንዉድ ሰጠው። በዚህ ባንድ ውስጥ ክላፕተን በብዙ ነገር ወደ ኋላ ቆሞ ዊንዉድን ነው ያስቀደመው፤ ከስድስቱ ዘፈን ሦስቱ የዊንዉድ ናቸው።

ሃይድ ፓርክ ከአልበሙ በፊት ነው። ጁን 7 ቀን 1969፣ በእኛ ግንቦት 30 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በነፃ የቀረበ ኮንሰርት ነበር። የተገኘው ሰው 100,000 ያህል እንደሆነ ይነገራል። ከሕዝብ ፊት ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው! አዲስ ባንድ አንድ ሁለት ወር ትናንሽ ክለብ ውስጥ ይሳሳታል፣ ያርማል፣ ዘፈን ይጥላል፣ ዘፈን ያነሳል። እነሱ ይህ ዕድል አልተሰጣቸውም። በዚያ ቀን ዝርዝራቸው ላይ ከራሳቸው ዘፈኖች ሌላ የሮሊንግ ስቶንስ «አንደር ማይ ተም»፣ የትራፊክ «ሚንስ ቱ አን ኤንድ» እና «ስሊፒንግ ኢን ዘ ግራውንድ» የሚባለው ብሉዝ ነበሩ። ይህ የሸክላ_ሰው የጠቀሰውን የዘፈን እጥረት በደንብ ያሳያል። ፊልሙ በዲቪዲ ወጥቷል፤ የክላፕተንን ፊት ብቻ ማየት ይበቃል፣ እንዳልረካ ያስታውቃል።

ከሃይድ ፓርክ በኋላ ስካንዲኔቪያ ሄዱ፣ ከዚያ አሜሪካ። የመጨረሻው ኮንሰርት ኦገስት 24 ቀን ሆኖሉሉ፣ ሃዋይ ነው። ከጁን 7 እስከ ኦገስት 24 ሦስት ወር እንኳ አይሞላም።

ቃኚው

የጊታሩን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።

«ካንት ፋይንድ ማይ ዌይ ሆም» አልበሙ ላይ በአኩስቲክ ጊታር ነው። ብዙ ሰው በመደበኛው ቅኝት ሊጫወተው ይሞክርና «ለምን ባዶ ይሆንብኛል» ይላል። ምክንያቱ ስድስተኛው ክር ነው፤ ከኢ ወደ ዲ መውረድ አለበት። አወራረዱ እንዲህ ነው፦ አራተኛውን ክር ክፍት ምቱት፣ እሱ ዲ ነው። ስድስተኛውን ከተፈላጊው ድምፅ ትንሽ አሳልፋችሁ አውርዱትና ከታች ወደ ላይ እያጠበቃችሁ አምጡት። ከላይ ወደ ታች ብቻ ለቅቃችሁ ከተዋችሁት በመቃኛው ጥርስ ላይ ልል ሆኖ ይቀርና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይወርዳል። ሁለቱ ክሮች አንድ ላይ ሲመቱ ሞገዱ ሳይንቀጠቀጥ አንድ ድምፅ ከመሰለ ደርሳችኋል።

የዘፈኑ አከርካሪ እየወረደ የሚሄደው ባስ ነው፦ ሲ፣ ቢ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ፣ ከዚያ ዲ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሁሉም አምስተኛው ክር ላይ ናቸው፦ ሦስተኛ ፍሬት፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ ክፍት። ዲው የወረደው ስድስተኛ ክር ራሱ ነው፣ ክፍት። ለዚህ ነው ቅኝቱ ግድ የሚሆነው፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ የሚያርፍበት ዝቅ ያለ መሬት ያስፈልገዋል። በመደበኛ ቅኝት ዲውን አራተኛው ክር ላይ ስትመቱት ባሱ ሲወርድ ቆይቶ ድንገት ወደ ላይ ይዘላል፤ ያ ነው ባዶ የሚያደርገው።

የሚበላሽበት ቦታ፦ በቀጭን ክር፣ ለምሳሌ በ0.010፣ የወረደው ስድስተኛ ክር ፍሬቱን እየነካ ይንጫረራል። በ0.012 ክር ይጠፋል። ሌላው የዊንዉድ ድምፅ ቁመት ነው፤ አብዛኛው ወንድ ድምፃዊ እዚያ አይደርስም። ዝቅ ማድረግ ከፈለጋችሁ ሁሉንም ስድስት ክር በእኩል ግማሽ ድምፅ ወይም አንድ ድምፅ አውርዱ፣ የጣቱ አያያዝ አይለወጥም። ከፍ ለማድረግ ካፖ (አንገቱ ላይ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ስድስቱንም ክር ይያዝ፤ ካፖው ከገባ በኋላ ግን ስድስተኛውን እንደገና ፈትሹት፣ የላላ ክር ከሌሎቹ ይልቅ ይሳባል።

በ2001 እትም ላይ የዚሁ ዘፈን ኤሌክትሪክ ቅጂ አለ። አኩስቲኩን ለምን እንደመረጡ ለማወቅ አንድ ጊዜ መስማቱ በቂ ነው።

ባሲስት_ከሐዋሳ

ቃኚው፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ስለ ባሱ ቁልቁለት ያልከው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ግሬች ነው፣ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና። «ሲ ኦፍ ጆይ» መሀል ላይ የሚሰማው ቫዮሊን የግሬች ነው። ባሲስት ብቻ አልነበረም፣ ፋሚሊ ውስጥ እያለም ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ባሱ ላይ ደግሞ ከቤከር ሁለት ባስ ድራም ሥር ድምፁ ሳይሰጥም መቆየቱ ራሱ ሥራ ነው። ከሁለት ባስ ድራም ጋር የሚጫወት ባሲስት ዝቅተኛውን ድምፅ ለድራሙ ትቶ ከፍ ብሎ ድምፆቹን አጠር አጠር ማድረግ አለበት፤ ካለበለዚያ ሁሉም ነገር አንድ ጉርምርምታ ይሆናል።

ግሬች በ1990 አርፏል። ስሙ ከሌሎቹ ሦስቱ እኩል እንዲጠራ እፈልጋለሁ።

ጊዜ_ጠባቂ

ስለ «ዱ ዋት ዩ ላይክ»። ብዙ አድማጭ ቤከር ሶሎ የወጣበት ዘፈን ብሎ ያልፈዋል። ዘፈኑ የራሱ የቤከር ድርሰት ነው፣ ምቱም 5/4 ነው።

በእኛ ጆሮ ላደገ ሰው መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ችክችካ 6/8 ነውና እግራችን አምስተኛው ምት ላይ ስድስተኛውን ይጠብቃል። መፍትሔው ከላይ ያለውን ትቶ የባሱን ሐረግ መያዝ ነው። ባሱ አንድ ሐረግ እየደጋገመ ይሄዳል፣ ሐረጉ በተመለሰ ቁጥር «አንድ» ነው። እዚያ ላይ እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ፣ በመሀል ምንም አትቁጠሩ። ሐረጉ ጆሮ ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ‑ሁለት‑ሦስት፣ አንድ‑ሁለት ብላችሁ ከፋፍላችሁ ቁጠሩት። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ድራመር ሙሌት (በሐረግ መጨረሻ የሚገባ አጭር የድራም ጌጥ) ሲያደርግ ነው፤ የአራት ምት ሙሌት በልማድ ይመታና አንድ ምት ይተርፈዋል፣ ከዚያ «አንድ»ን ያጣል። ሙሌቱን ከሁለቱ ምት ክፍል ብቻ ጀምሩት፣ በሰላም ትመለሳላችሁ።

የሶሎው ተራ ኦርጋን፣ ጊታር፣ ባስ፣ ድራም ነው። የዊንዉድ ሃሞንድ ኦርጋን ላይ ያለው ሶሎ ለእኔ የዘፈኑ ምርጥ ክፍል ነው፤ በ5/4 ላይ እየሄደ ሐረጎቹን ከምቱ ድንበር ያሳልፋቸዋል። የድራሙ ሶሎ ግን ይረዝማል። ቤከርን ከልቤ እወደዋለሁ፣ ይህን ስል ግን በክሪም ዘመን የሠራው የተሻለ ነው።

ለቤከር አፍሪካ ጌጥ አልነበረም። ከዚህ ባንድ በኋላ ኤር ፎርስ የሚባል ትልቅ ቡድን መሠረተ (ዊንዉድና ግሬችም ጃንዋሪ 1970 አብረውት ነበሩ)፣ ከዚያም ናይጄሪያ ሄዶ ሌጎስ ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ፣ ከፌላ ኩቲም ጋር ተጫወተ። በ2019 አርፏል።

አዲስ_ገቢ

ጊዜ_ጠባቂ፣ የባሱ ዘዴ ሠርቷል፣ አመሰግናለሁ። ቃኚውን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የክላፕተን ሶሎዎች ከባቲ ጋር ይመሳሰላሉ ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ቃኚው

ድምፆቹ ይገናኛሉ፣ አነጋገሩ አይገናኝም። ማይነር ባቲን ከኤ ብትጀምሪው ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው። የብሉዝ ማይነር ፔንታቶኒክም እነዚሁ አምስቱ ናቸው። እንዲያውም ከሲ ከጀመርሻቸው ሜጀር ትዝታ ይሆናሉ፤ ቤቱን የሚወስነው የምታርፊበት ድምፅ ነው። ስለዚህ ባቲ በጊታር የሚጫወት ሰው የጣቱን መንገድ አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው።

ልዩነቱ ሁለት ነው። ብሉዝ ሦስተኛውን ድምፅ፣ እዚህ ላይ ሲን፣ በክሩ ጉተታ ትንሽ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲ ሻርፕ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያቆየዋል። ሁለተኛ፣ በዲና በኢ መካከል ያለውን ኢ ፍላት እንደ ማለፊያ ያስገባል። በባቲ ላይ ሁለቱን ብታደርጊ ባቲው ይጠፋል። በተቃራኒው የባቲን እርግብግቢት ብሉዝ ላይ ካበዛሽ ክላፕተን አይመስልም።

«ፕረዘንስ ኦፍ ዘ ሎርድ» ላይ ዘፈኑ በዝግታ እየሄደ ሳለ መሀል ላይ ይቆረጥና በእጥፍ ፍጥነት የዋዋ (ድምፁን «ዋ‑ዋ» የሚያሰኝ የእግር ፔዳል) ሶሎ ይገባል፣ ከዚያ ተመልሶ ይረጋጋል። የዋዋው ሚስጥር እግር ላይ ነው። ጀማሪ በየምቱ ያርገፈግፈዋል፤ ክላፕተን ሐረጉ ሲወጣ ይከፍተዋል፣ ሲያልቅ ይዘጋዋል። የፔዳሉ ቦታ ከጊታሩ ቀጥሎ፣ ከዲስቶርሽኑ በፊት ይሁን። ከኋላ ካደረጋችሁት የተጨማደደውን ድምፅ በሙሉ ይጠርገዋል፣ ጆሮ ይወጋል።

ለጊታር ወዳጆች፦ ሃይድ ፓርክ ላይ የያዘው ተራ ፌንደር ቴሌካስተር አይደለም፤ ቴሌካስተር ከስተም አካል ላይ የስትራቶካስተር አንገት የተገጠመበት ነው። ፊልሙ ላይ የአንገቱን ጭንቅላት ብቻ ተመልከቱ፣ ስፋቱ ይለያል።

መርፌና_ቦይ

ሸክላውን ለምትፈልጉ። የመጀመሪያው የእንግሊዝ እትም ፖሊዶር 583 059፣ የአሜሪካው አትኮ ኤስዲ 33‑304 ነው። የእንግሊዙ ሽፋን የሕፃን ልጅ ፎቶ ያለበትና ብዙ ተቃውሞ ያስነሳው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የባንዱ ፎቶ ያለበት ሌላ ሽፋን ተዘጋጀ። የባንዱ ስም ራሱ የመጣው ፎቶ አንሺው ቦብ ሳይደማን ለዚያ ሥራ ከሰጠው ርዕስ ነው። እኔ የባንዱ ፎቶ ያለበትን እመርጣለሁ፣ ሙዚቃው አንድ ነው።

አሁን ዋናው። ዋጋ ከመክፈላችሁ በፊት የሚፈተሸው ቦታ የአንደኛው ገጽ መጨረሻ ነው። ለምን? ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ዙር ሲሽከረከር መርፌው ከዳር በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መሀሉ አጠገብ ሲደርስ 21 ገደማ ብቻ ነው። ያው ድምፅ በጠበበ ቦታ ተጨምቆ ተቀርጿል ማለት ነው። ይህ ገጽ ከ21 ደቂቃ በላይ ስለሆነ ቦዩ እስከ ውስጥ ይዘልቃል፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚገኘው ደግሞ ያ የዋዋ ሶሎ ነው። ሹልና ብሩህ ድምፅ በጠባብ ቦይ ላይ! በከባድ ወይም ባረጀ መርፌ የተጫወተ ቅጂ መጀመሪያ የሚሞተው እዚያ ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ዘፈን ካሰማችሁ በኋላ አራተኛውን እንዲያሰማ ጠይቁ። ሶሎው ላይ እንደ ወረቀት መቀደድ ከሰማችሁ የተበላ ነው፣ እጥበት አያድነውም።

ቅጂው ደህና ሆኖ የእናንተ ማጫወቻ ከሆነ የሚያበላሸው፦ የካርትሪጁን (መርፌውን የያዘውን ክፍል) አቀማመጥ በመለኪያ ወረቀት አስተካክሉ፣ ክብደቱን አምራቹ ያለው ላይ አድርጉ (ብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ግራም)። ክብደቱን ማሳነስ ሸክላውን የሚጠብቅ የሚመስላቸው አሉ። የቀለለ መርፌ ግን ቦዩን ለቅቆ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታዋል፣ ከትክክለኛው ክብደት ይበልጥ ይጎዳል።

ለማጠብ የተጣራ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ፣ በቦዩ አቅጣጫ ክብ። መሀል ያለው ወረቀት አይርጠብ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ኖራውን ቦዩ ውስጥ ይተዋል።

የሸክላ_ሰው

መርፌና_ቦይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ሲዲው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በ1986 የወጣው ሲዲ መጨረሻ ላይ «ኤክስቼንጅ ኤንድ ማርት» እና «ስፔንዲንግ ኦል ማይ ዴይስ» የሚባሉ ሁለት ተጨማሪ ዘፈኖች አሉት። የብላይንድ ፌዝ አይደሉም፣ ከግሬች የግል ቀረጻ የተወሰዱ ናቸው። ዛሬም ኢንተርኔት ላይ በባንዱ ስም ይዞራሉ። ባንዱ ስምንት ዘፈን ነበረው የሚሉ ሰዎች የሚመጡት ከዚህ ነው።

ሰላማዊት፣ ስለ አሜሪካው ጉብኝት መጨረሻ ያለሽን ጨምሪበት።

ሰላማዊት_ዘ

በአጭሩ። ጉብኝቱ ላይ መክፈቻ ሆነው ከተጫወቱት መካከል ዴላኒ ኤንድ ቦኒ ነበሩ። ክላፕተን ከራሱ ባንድ ይልቅ ከእነሱ ጋር መዋልና መጓዝ ጀመረ። እነሱ አነስተኛ ክፍያ፣ አነስተኛ ስም፣ ብዙ ዘፈን ነበራቸው፤ እሱ የሚፈልገው ያንን ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከእነሱ ጋር ዞረ፣ ከእነሱም ሙዚቀኞች ወስዶ በ1970 ዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስን መሠረተ። ዊንዉድ የግል አልበም ጀምሮ ወደ ትራፊክ ቀየረው፣ «ጆን ባርሊኮርን መስት ዳይ» ሆኖ በ1970 ወጣ፤ ግሬችም በኋላ ትራፊክ ገባ። እንግዲህ የተጣላ ሰው የታለ? ቤከር፣ ዊንዉድና ግሬች ሦስቱ በኤር ፎርስ እንደገና አብረው ሠርተዋል።

አልበሙ በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጥቷል። አንደኛ በወጣበት ሰሞን ግን ባንዱ አልነበረም።

አዲስ_ገቢ

ገንዘቤ ለአንድ ብቻ ነው የሚበቃኝ። የ2001 እትም ልግዛ ወይስ ሸክላ?

መርፌና_ቦይ

ጥሩ ማጫወቻ ካለሽ ሸክላ፣ አራተኛውን ዘፈን ሰምተሽ። ከሌለሽ የ2001ን እትም፣ ከሁለተኛው ዲስክ በፊት ግን የመጀመሪያውን ደጋግመሽ ስሚ። በስልክ ከሆነ የምትሰሚው ሞኖ የሚለው ማስተካከያ መዘጋቱን እዪ፤ «ሃድ ቱ ክራይ ቱዴይ» ላይ ጊታሮቹ በግራና በቀኝ ተከፋፍለው ይነጋገራሉ፣ በሞኖ ወይም በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ግማሹ ይጠፋል።

ቃኚው

እኔ ደግሞ ሦስተኛ አማራጭ ልስጥሽ። ክላፕተንና ዊንዉድ ፌብሩዋሪ 2008 ላይ እዚያው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አብረው ተጫውተዋል፣ ቅጂው በ2009 ወጥቷል። ከአልበሙ ውስጥ «ሃድ ቱ ክራይ ቱዴይ»፣ «ፕረዘንስ ኦፍ ዘ ሎርድ»፣ «ዌል ኦል ራይት» እና «ካንት ፋይንድ ማይ ዌይ ሆም» አሉበት። በቪዲዮው ላይ የሁለቱን እጅ ማየት ስለሚቻል ለሚማር ሰው ከሁሉም ይበልጣል። መጀመሪያ «ሃድ ቱ ክራይ ቱዴይ»ን ክፈቺና ዋናውን ሪፍ (የሚደጋገመውን የጊታር ሐረግ) ማን ይዞ ማን እንደሚለቅ ተከተዪ፣ ከዚያ የ1969ኙን ስሚ።